የድሮ ፓውንድ ይዤ ለንደን ብሄድ ይሠራልኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ለንደን ልትወልድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ላርሳት እሄዳለሁ። ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብዙ ዓመት እዚያ ኖሮ ነው የተመለሰው። ሻንጣው ውስጥ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ አገኘን። 14 ባለ 20፣ 4 ባለ 50 እና 6 ባለ 10 ፓውንድ ነው። ሁሉም የወረቀት ናቸው። 3 ባለ 100 ዶላርም አለው፤ ፊቱ ትንሽ የሆነው የድሮው። ሌላዋ ልጄ ከኳታር ስትመጣ የተረፋት አንድ ባለ 500 ሪያልም አለኝ። እዚህ ባንክ ብወስደው ‹ይሄ አይሠራም› ብለው መለሱልኝ። የሰፈር ልጅ ደግሞ ፓውንዱን በግማሽ ዋጋ ልግዛዎት አለኝ። ይዤው ብሄድ ለንደን ይሠራልኛል? ወይስ የልጁን ግማሽ ልቀበል?»

እናቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። መልሱን ላስቀድም። በግማሽ አይሽጡ። ፓውንዱን ይዘው ይሂዱ። ሱቅ ውስጥ ግን አይሠራም፤ በዚህ ገንዘብ ዳቦም አይገዙም፣ ታክሲም አይከፍሉም። የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሙሉ ዋጋውን ያገኛሉ። ዶላሩና ሪያሉ የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ እመጣበታለሁ።

ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። የርስዎ ዓይነት ፖስታ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያስባል። አንዳንዱ በ2020 የብር ለውጡን አይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያኔ መስከረም ላይ አዲሱ ብር ወጣ፣ ለመቀየር ሦስት ወር ተሰጠ፣ ከዚያ በኋላ የድሮው 10፣ 50 እና 100 ብር ወረቀት ብቻ ሆነ። ይሄ ሰው የድሮ ፓውንድ ሲያይ «አለቀለት» ይላል። ሌላው ደግሞ ዶላር የለመደ ነው። ዶላር መቼም አይሞትም፣ ስለዚህ ፓውንዱም አይሞትም ብሎ ለንደን ሱፐርማርኬት ውስጥ ያወጣዋል። ካሸሯም ገልበጥ አድርጋ አይታው ትመልስለታለች።

ፓውንድ ከሁለቱም አይደለም። አንድ የወረቀት ገንዘብ አሮጌ ሲሆን ሦስት የተለያዩ በሮች አሉ። አንዱ ሱቁ ነው። ሁለተኛው መንዛሪው ነው፣ ባንክም ይሁን የምንዛሪ ቤት። ሦስተኛው ገንዘቡን ያተመው ማዕከላዊ ባንክ ነው። ሰው «ይሠራል ወይ?» ሲል ሦስቱንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚጠይቀው። አንዱ በር ሲዘጋ ግን ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ባንክ «አይሠራም» ሲልዎት የነገረዎት የራሱን በር ነው። ውሸት አልተናገረም፤ ግን የለንደኑን በር ወክሎ መናገር አይችልም።

እዚህ ያለው ባንክ ለምን እንደማይቀበል ልንገርዎት፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ነው። ባንክ የውጭ ኖት የሚገዛው ሊያስቀምጠው አይደለም። ወይ ነገ ለሚጓዝ ሰው መልሶ ይሸጠዋል፣ ወይ አሽጎ ውጭ አገር አብሮት ለሚሠራ ባንክ ይልከዋል። የርስዎን የወረቀት 20 ፓውንድ ለተጓዥ ቢሸጥ ተጓዡ ለንደን ደርሶ ይረግመዋል። ውጭ ያለውም ባንክ ከገበያ የወጣ ኖት ቀላቅሎ አይቀበልም። ስለዚህ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊቷን ያዞረችብዎት ክፋት ኖሯት አይደለም፤ የምታደርስበት ስለሌላት ነው።

አሁን ወደ ፓውንዱ። እንግሊዞች ከ2016 ጀምሮ ወረቀቱን እየተዉ ወደ ፕላስቲክ መሰል ኖት ሄደዋል። ፖሊመር ይሉታል። ቶሎ አይቀደድም፣ አስመስሎ ለማተምም ያስቸግራል። መጀመሪያ ባለ 5ቱ ተቀየረ፤ የወረቀቱ ባለ 5 በግንቦት 2017 ከሱቅ ወጣ። ባለ 10ሩ፣ በጀርባው ጢማሙ ቻርልስ ዳርዊን ያለበት፣ መጋቢት 1 ቀን 2018 አበቃ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው ነው የሄዱት። ኢኮኖሚስቱ አዳም ስሚዝ ያለበት ባለ 20 እና ቦልተንና ዋት የተባሉት የእንፋሎት ሞተር ሰዎች ያሉበት ባለ 50፣ ሁለቱም መስከረም 30 ቀን 2022 ላይ ከሱቅ ወጡ። በዚያ ሳምንት ለንደን ማዕከላዊ ባንኩ ደጃፍ ላይ የነበረው ሰልፍ በዜና ሁሉ ታይቷል።

ያ ሁሉ ሰው የተሰለፈው በከንቱ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ያተመውን ኖት ያለ ቀን ገደብ ይቀይራል። መቶ ዓመትም ይለፈው። ኖቱ ላይ ራሱ ተጽፏል፤ ባንኩ ለያዘው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ያንን መጠን ሊከፍል ቃል ይገባል። ዛሬ በወርቅ አይቀይርልዎትም፣ ግን በአዲስ ኖት ወይም ሒሳብ ውስጥ በማስገባት ይከፍላል። ሙሉ ዋጋውን፤ 20ው 20 ነው። መስከረም 30 ያበቃው ሱቅ የመቀበል ግዴታው ብቻ ነው።

የርስዎን ስደምረው 280፣ 200 እና 60፣ በጠቅላላ 540 ፓውንድ ይመጣል። የሰፈሩ ልጅ 270 አካባቢ ሊሰጥዎት ነው ማለት ነው። ልጁን ሌባ አልለውም። ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ነው፤ አውሮፓ ውስጥም የተረፈ የውጭ ገንዘብ በቅናሽ እየገዙ የሚሰበስቡ ድርጅቶች አሉ። ሰብስበው ወደ ምንጩ ይወስዱትና ልዩነቱን ይበላሉ። ወደ ምንጩ መሄድ ለማይችል ሰው ቅናሹ የትራንስፖርት ዋጋ ነው። እርስዎ ግን ራስዎ ምንጩ አጠገብ ሊያርፉ ነው። ታዲያ ለምን 270 ፓውንድ የትራንስፖርት ይከፍላሉ?

ለንደን ሲደርሱ መንገዱ ከአንድ በላይ ነው። የሚቀልዎት በልጅዎ በኩል ያለው ነው። እዚያ የባንክ ሒሳብ ካላት ባንኳን ትጠይቅ። ከሱቅ የወጣ ኖት ከራሳቸው ደንበኛ ተቀብለው ሒሳብ ውስጥ የሚያስገቡ ባንኮች አሉ። ሁሉም አይደሉም፤ የቅርንጫፉ ሰው ሳይሆን የባንኩ ደንብ ነው የሚወስነው፣ ስለዚህ በስልክ ወይም በመተግበሪያቸው አስቀድማ ትጠይቅ። አራስ ሴት በከንቱ ከቤት አትወጣም፤ ባሏ ይሂድላት።

ሁለተኛው ፖስታ ቤት ነው። የተመረጡ የፖስታ ቤት ቅርንጫፎች የፎቶ መታወቂያ ይዞ ለመጣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 300 ፓውንድ ድረስ ይቀይራሉ። የርስዎ 540 ከዚያ ያልፋል። ልጅዎና አማችዎ ተካፍለው ቢሄዱ ግን ይበቃል። በርስዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይሠራልኛል ብለው በቀጥታ አይሂዱ፣ መጀመሪያ ይጠየቅ። ቅርንጫፉም የትኛው እንደሆነ ከመውጣት በፊት መታወቅ አለበት፤ ሁሉም ፖስታ ቤት ይህን አይሠራም።

ሦስተኛው ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ጉልበቱ ካለዎት፣ ይህንን እመርጥልዎታለሁ። መሃል ለንደን ትሬድኒድል ጎዳና ላይ ነው። የምድር ባቡሩ ጣቢያ ስሙ «ባንክ» ነው፤ እዚያ ወርደው ቀና ሲሉ ያ ግዙፍ ሕንፃ ይታይዎታል። መስኮቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል፣ በነሱ ሰዓት ከ9፡30 እስከ 15፡00። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ግን እዚያ ሆነው በነሱ ሰዓት ያስቡ። የበዓል ቀናቸውን ይጠንቀቁ፤ የነሱ ባንክ የሚዘጋው እኛ በማናውቃቸው ሰኞዎች ነው። ሰልፍ አለ። በጋ ላይ ሰልፉ ይረዝማልና ውሃም ይያዙ፣ ነጠላም ይደርቡ፣ የለንደን በጋ ስም ብቻ ነው።

ሲሄዱ ፓስፖርትዎን ይያዙ። የሚያርፉበትን የልጅዎን አድራሻ የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ በስሟ የመጣ የመብራት ወይም የባንክ ደብዳቤ፣ አብረው ቢይዙ አይከፋም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ቢጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ፤ ወንድምዎ እዚያ ይኖር ነበር፣ ሞተ፣ ሻንጣው ውስጥ ተገኘ። በዓለም ላይ ካሉ ማዕከላዊ ባንኮች ሁሉ እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ደጋግሞ የሚሰማ ያ መስኮት ሳይሆን አይቀርም። የሟች መሳቢያ ነው የሚመግበው።

አራተኛ መንገድም አለ፤ በፖስታ መላክ። ማዕከላዊ ባንኩ ቅጽ ተሞልቶ በፖስታ የመጣ ኖት ይቀበላል። ከእንግሊዝ ውስጥ ለሚልክ ሰው ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ግን ገንዘብ በፖስታ አይላኩ። መንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የላኪው ነው፣ ባንኩ አይጠየቅም። እርስዎ ለራስዎ ስለሚሄዱ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግዎትም።

ኖቶቹን ከመውሰድዎ በፊት አንድ ጊዜ ብርሃን ላይ ዘርግተው ይዩአቸው። መጀመሪያ የማን እንደሆኑ። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ኖት ንግሥቲቱ አለችበት። ወንድምዎ ስኮትላንድ ሄደው ከሆነ ግን ንግሥቲቱ የሌለችባቸው፣ የስኮትላንድ ባንኮች ያተሟቸው ፓውንዶች ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ሦስት፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥም ሌሎች የንግድ ባንኮች የራሳቸውን ፓውንድ ያትማሉ። ዋጋው ከሌላው ፓውንድ እኩል ነው፣ ግን የለንደኑ ማዕከላዊ ባንክ እነዚህን አይቀይርም። ያተማቸው ባንክ ነው የሚቀይረው። እንደነዚህ ያሉ ካሉ ለይተው ለልጅዎ ይስጡ፣ ከሌሉ ይህን አንቀጽ ይርሱት።

ከዚያ የጤንነታቸውን ይመልከቱ። እርጥበት ነክቷቸው ከተጣበቁ በኃይል አይላቅቋቸው። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ። በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባክዎ አይሞክሩት። የተጎዳ ኖት ቢያንስ ግማሹ ካለ ማዕከላዊ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍልበታል፣ የሚመረምር የራሱ ክፍል አለው። በጀርባው ዳርዊን ሳይሆን ጸሐፊው ዲከንስ ያለበት ባለ 10፣ ወይም አቀናባሪው ኤልጋር ያለበት ባለ 20 ቢያገኙ እነዚያ ደግሞ ከዳርዊንና ከአዳም ስሚዝ በፊት የነበሩ ናቸው። ዲከንስ በ2003፣ ኤልጋር በ2010 ነው ከሱቅ የወጡት። እነሱም ይቀየራሉ። ለሰብሳቢ የሚሸጥ ብርቅ ኖት ነው ብለው ግን አይጓጉ፤ ተራ የአዳም ስሚዝ ኖት ለሰብሳቢም 20 ፓውንድ ነው፣ እሱም ንጹሕ ከሆነ።

እግረ መንገዴን አንድ ወሬ ላጥፋ። ንጉሥ ቻርልስ ያለበት ኖት ከሰኔ 2024 ጀምሮ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «የንግሥቲቱ ፓውንድ ሊሰረዝ ነው» የሚል ወሬ እዚህም እዚያም ይናፈሳል። ንግሥቲቱ ያለችበት ፖሊመር ኖት አሁንም ለንደን ሱቅ ውስጥ እንደ አዲሱ ይሠራል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚዘዋወሩት። የሚለየው ፊቱ ሳይሆን ወረቀት ወይም ፖሊመር መሆኑ ነው። ይህን የምልዎት፣ ፖሊመሩን «የድሮ ነው» ብሎ በቅናሽ ሊገዛ የሚሞክር ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ዶላሩ ሌላ ታሪክ ነው። አሜሪካ ያተመችውን የወረቀት ገንዘብ አትሰርዝም። ከ1861 ጀምሮ የወጣ ዶላር ሁሉ ዛሬም በሙሉ ዋጋው ሕጋዊ ነው። ምክንያቱን ማሰብ ይቻላል፤ ከታተመው ዶላር ትልቅ ድርሻ ያለው ከአሜሪካ ውጭ፣ በሰው ፍራሽ ሥርና ካዝና ውስጥ ነው። አንድ ቀን «የድሮው አይሠራም» ብትል ዓለም ሁሉ በአንድ ሌሊት ይደነግጣል። ስለዚህ ዶላር ሲቀየር አዲሱ ይጨመራል እንጂ አሮጌው አይባረርም።

ታዲያ ለምን ትንሽ ፊት ያለውን ዶላር ሰው ይሸሻል? ሕጉ ዋሽንግተን ነው ያለው፤ መንዛሪው ግን ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ነው። ባለ 100ው በ1996 ትልቅ ፊት ሆነ፣ በጥቅምት 2013 ደግሞ ሰማያዊው ጥብጣብ ተሠራበት። ከ1996 በፊት በነበረው ላይ በጣም የተዋጣለት ሐሰተኛ ኖት ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ ትልቁ ፊት የመጣበት አንዱ ምክንያትም እሱው ነው። የመንዛሪው ማሽን ብዙ ጊዜ የድሮውን አያነብም፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ወጣት ከሆነች እንዲህ ያለውን በእጇ ይዛ አታውቅም። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከ2000ዎቹ አጋማሽ በፊት የታተመ ዶላር አንቀበልም የሚሉ፣ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ የሚገዙ መንዛሪዎች የተለመዱ ናቸው። ይህ የሕግ ጉዳይ አይደለም፣ የፍርሃትና የድካም ዋጋ ነው። መብቴ ነው ብለው ቢከራከሩም መስኮቱ ላይ አያሸንፉም።

ለንደን ውስጥም ይህን ዶላር የሚቀበልዎት የምንዛሪ ቤት ለማግኘት ይቸገራሉ፣ ቢያገኙም ዋጋው ያናድድዎታል። የኔ ምክር ዶላሩን ከፓውንዱ ጋር አያጓጉዙት የሚል ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ የሚመጣ የታመነ ሰው ሲገኝ ይስጡት፣ እሱም እዚያ ሲመለስ ባንኩ ውስጥ ሒሳቡ ላይ ያስገባዋል። ካሸሩ በብዕርና በማሽን ሊፈትሽ፣ ሥራ አስኪያጅ ሊጠራ ይችላል፣ ግን እውነተኛ ከሆነ 300ው 300 ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ይቀይርልኛል ብለው ወደዚያ አይሂዱ፣ ሥራው አይደለም።

እውነተኛ ከሆነ ያልኩት በምክንያት ነው። የድሮ ዶላር ሲፈተሽ ሰው የሚሳሳትበት አለ። አሁን ሁላችንም ዶላሩን ወደ መብራት ቀና አድርገን የፊት ጥላ እንፈልጋለን፣ የውሃ ምልክት የሚባለውን። ትንሽ ፊት ባለው 100 ዶላር ላይ ያ ጥላ የለም! የውሃ ምልክት የገባው በ1996 ንድፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጥላ ስለሌለው ብቻ «ፎርጅድ ነው» የሚልዎትን አይስሙ። የ1990 ዓመተ ሥሪት ወይም ከዚያ በኋላ የታተመበት ከሆነ ግን ወረቀቱ ውስጥ የተቀበረ ቀጭን የደህንነት ክር መኖር አለበት፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት የአገሩ ስም ምህጻረ ቃልና 100 ቁጥር ይነበብበታል። ዓመቱ በፊት ገጹ ላይ ትንሽ ተደርጎ ተጽፏል። ከ1990 በፊት ያለው ላይ ክሩም የለም፤ እዚያ ላይ የሚፈርደው የለመደ እጅ ነው፣ ወረቀቱ ውስጥ የተነሰነሱት ቀይና ሰማያዊ ቃጫዎች እና የሕትመቱ ሻካራነት።

ገበያ ላይ ስለሚሸጠው መፈተሻ ብዕር ደግሞ፣ ብዙ አይመኑበት። ብዕሩ የሚያውቀው ተራ ወረቀት ውስጥ ያለውን ስታርች ብቻ ነው። አጭበርባሪው እውነተኛ ባለ 5 ዶላር ቀለሙን አጥቦ ላዩ ላይ 100 ካተመበት፣ ወረቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ብዕሩ ያልፈዋል። ያንን የሚያጋልጠው ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ትልቅ ፊት ባለው 100 ላይ የባለ 100ው ሰውዬ የፍራንክሊን ጥላ መኖር ሲገባው የባለ 5ቱ ሰውዬ የሊንከን ከታየ ታጥቧል። የርስዎ ትንሽ ፊት ያለው ላይ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራበትም፣ ግን ቤትዎ ውስጥ ሌላ ዶላር ካለ ይጠቅምዎታል።

ሪያሉ አጭር ነው። ኳታር በታኅሣሥ 2020 አዲስ ኖት አወጣች፤ ባለ 200 ሪያል የሚባለውም ያኔ ነው የመጣው። የቀድሞው እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ሱቅና ባንክ ውስጥ ሠርቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሚቀይረው ዶሃ ያለው ማዕከላዊ ባንክ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ አሥር ዓመት። ስለዚህ ልጅዎ ከ2021 በፊት ያገኘችው ከሆነ አሁንም ነፍስ አለው፣ ግን ለንደን ውስጥ ማንም አይነካልዎትም። ዶሃ የምትሠራ ወይም በዚያ የምታልፍ የምታምኗት ሰው ካለች ትውሰደው። ከዚያ በኋላ የወጣ አዲስ ኖት ከሆነ ደግሞ እዚሁ ባንክ ይጠይቁ። በነገራችን ላይ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ እንደ ኳታር አይደሉም። ኤምሬትስ ፖሊመር ድርሃም ስታወጣ የወረቀቱን አልሰረዘችም፣ ሁለቱም ይሠራሉ።

ሌላ ፖስታ ያላችሁ አንባቢዎች መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የዩሮ ኖት የመጀመሪያው ንድፍ፣ ከ2002 ጀምሮ የነበረው፣ አሁንም ሕጋዊ ነው። ባለ 500ው መታተም በ2019 ቢያቆምም ዋጋው አለ፣ ብዙ ሱቅ ግን አይወደውም። የጀርመን ማርክ በጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ያለ ቀን ገደብ ይቀየራል። የጣሊያን ሊሬ ግን ሞቷል፤ በታኅሣሥ 2011 ተዘጋ። የስፔን ፔሴታ በሰኔ 2021 አበቃ። የስዊዝ ፍራንክ የድሮው ንድፍ በ2021 ከገበያ ቢወጣም ማዕከላዊ ባንካቸው ያለ ገደብ ይቀይራል። ኖርዌይ አሥር ዓመት ትሰጣለች፤ ከገበያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ስዊድን የሚኖር ዘመድ የድሮ ክሮና ካለው ቶሎ ያስብበት፣ እዚያ ማዕከላዊ ባንኩ ክፍያ ይቆርጣል።

ኬንያ ግን ጨካኝ ነበረች። የድሮው ባለ 1000 ሽልንግ ሰኔ 1 ቀን 2019 ተነገረበት፣ መስከረም 30 ተዘጋ። 7.4 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ሳይመለስ ቀረ። የሞያሌ ነጋዴ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። ሕንድም በኅዳር 2016 ባለ 500 እና ባለ 1000 ሩፒዋን በአንድ ምሽት አግዳ ነበር። እነዚህን ዛሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ምንም የሚደረግለት የለም። የኛው የድሮ ብርም እንደዚያው ነው። ቨርጂኒያና ቴል አቪቭ ከመሳቢያ የሚወጣውን የድሮ መቶ ብር ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሁንም አሉ፣ የሚሰጡት መልስ ግን ያው ነው።

ከመነሳትዎ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር። ከኢትዮጵያ ሲወጡ የውጭ ገንዘብ ስለመያዝ ደንብ አለ፣ በ2024 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደንቡም ተነካክቷል። ስንት መያዝ እንደሚፈቀድና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ባንክዎንና ጉምሩክን በሳምንቱ ውስጥ ይጠይቁ። ገንዘቡ አሮጌ ነው ብለው አይደብቁት፤ ፈታሹ ሻንጣ ውስጥ ሲያገኘው አሮጌ ነው አይልም፣ ፓውንድ ነው የሚለው። እንግሊዝ ሲገቡ ለጉምሩክ መገለጽ ያለበት ከ10,000 ፓውንድ ጀምሮ ስለሆነ በዚያ በኩል አያስቡ።

ኖቶቹን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ በርበሬውና ሽሮው ካለበት ሻንጣ ጋር አይክተቱ፣ ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም። ፖስታው ውስጥ ክብ የሆነ የ1 ፓውንድ ሳንቲም ካገኙ እሱን ወደ ማዕከላዊ ባንኩ አይውሰዱ፤ እነሱ ሳንቲም አይቀይሩም። ክቡ ሳንቲም በጥቅምት 2017 ከሱቅ ወጥቷል፣ የልጅዎ ባንክ ግን ሒሳቧ ላይ ሊያስገባላት ይችላል። አሥራ ሁለት ጎን ያለው ከሆነ ግን አዲሱ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ይሠራል።